አድቫንስድ ኦርጋኒክን በሽምደዳ አትግፉት

የኬሚስትሪ ማስተርስ ስጀምር ሲኒየሮች የሰጡኝ ምክር አንድ ዓይነት ነበር። «ግሬድ የሚበላው አድቫንስድ ኦርጋኒክ ነው። የድሮ ፈተና ሰብስብ፣ ሪአክሽኖቹን ሸምድድ፣ ላቡ ላይ ብዙ አትጨነቅ፣ እሱ ነጥብ ማሟያ ነው።» ኮርሱን ጨርሼ፣ ከዚያም ላብ ውስጥ ታናናሾቼን ሳግዝ ቆይቼ አሁን ሳየው፣ ከዚህ ምክር ውስጥ የሚረባው የድሮ ፈተና መሰብሰቡ ብቻ ነው። እሱም አጠቃቀሙ ከታወቀበት። አሁን ለምትጀምሩትም፣ መሃል ላይ ደርሳችሁ ግራ ለገባችሁም የማውቀውን ልጻፍላችሁ። የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። ይሄ ለምን እንደሚጠቅም ስለ ላብ ሳወራ ይገባችኋል።

ሪአክሽኖቹ በመቶዎች ናቸው። በሽምደዳ የሚያልቁ አይደሉም። ቢያልቁም አይጠቅሙም፣ ምክንያቱም በዚህ ደረጃ ፈተናው ያያችሁትን ሪአክሽን አይጠይቅም። አይታችሁት የማታውቁትን ሞለኪውል ያመጣና «ምን ይሆናል? ለምን?» ይላል። እኔን የረዳኝ አንድ ልማድ ነው። ደብተሬ ላይም ሆነ ላብ ማንዋሉ ላይ ያለን እያንዳንዱን ነገር «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብሎ መጠየቅ። ይሄ ሶልቨንት (ማሟሚያ) ለምን ተመረጠ? ለምን በረዶ ውስጥ? ቤዙ ለምን ቀስ ተብሎ ተጨመረ? መልሱን ካላወቃችሁ ያቺን መስመር ገና አልተማራችኋትም።

ምሳሌ ልስጥ። ሶዲየም አዮዳይድ አሴቶን ውስጥ አሟምታችሁ አልካይል ብሮማይድ ብትጨምሩ አዮዳይዱ ብሮማይዱን አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል። ኤስኤን 2 ነው፣ አንዱ ሲገባ ሌላው በዚያው ቅጽበት የሚወጣበት መንገድ፣ ሁሉም ሰው ይጽፈዋል። ግን አሴቶን ለምን? ሁለት ምክንያት አለ። አሴቶን ፖላር ነው፣ ሆኖም የሚሰጠው ፕሮቶን የለውም። ስለዚህ ውሃ ወይም አልኮል እንደሚያደርገው አዮዳይዱን በሃይድሮጅን ቦንድ ከቦ አይዘውም፣ እንደ ልቡ እንዲያጠቃ ይለቀዋል። ሌላው፣ ሶዲየም አዮዳይድ አሴቶን ውስጥ ጥሩ አድርጎ ይሟሟል፣ ሶዲየም ብሮማይድ ግን አይሟሟም ማለት ይቻላል። እናም የሚፈጠረው ብሮማይድ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል፣ ሪአክሽኑም ወደፊት ይጎተታል።

ይሄንኑ ላብ ውስጥ በሦስት ቴስት ቲዩብ ታዩታላችሁ። አንዱ ውስጥ 1-ብሮሞቢዩቴን፣ ሌላው ውስጥ 2-ብሮሞቢዩቴን፣ ሦስተኛው ውስጥ ተርት-ቢዩታይል ብሮማይድ። የመጀመሪያው ቶሎ ይደፈርሳል። ሁለተኛው ይዘገያል፣ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ማቆየት ይፈልጋል። ሦስተኛው ዝም። ከዚያ እነዚያኑ ሦስቱን ኢታኖል ውስጥ በሟሟ ሲልቨር ናይትሬት ስትሞክሯቸው ተራው ይገለበጣል። ተርት-ቢዩታይሉ ወዲያው ይደፈርሳል፣ ምክንያቱም እዚህ መንገዱ ኤስኤን 1 ነው፣ ብሮማይዱ መጀመሪያ ለብቻው ይወጣል፣ የሚረጋጋ ካርቦካታዮን (ፕላስ የያዘ ካርቦን) ያለውም እሱ ጋ ነው። ክፍል ውስጥ ለሳምንታት የሚደክምበት የሁለቱ መንገዶች ልዩነት ዓይናችሁ ሥር ቆመ ማለት ነው። ታዲያ «ነጥብ ማሟያ» የተባለው ይሄ ላብ ነው።

መሸምደድ የግድ ከሆነባችሁ የፒኬኤ ቁጥሮችን ሸምድዱ፣ አንድ ነገር ፕሮቶኑን ምን ያህል በቀላሉ እንደሚለቅ የሚናገሩትን፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይቀለዋል። ብዙ አይደሉም፣ ግምታቸውም ይበቃል። ካርቦክሲሊክ አሲድ 5፣ ፌኖል 10፣ ውሃና አልኮል 16 አካባቢ፣ የኪቶን አልፋ ሃይድሮጅን 20፣ ተርሚናል አልካይን 25፣ አሞኒያ 38፣ ቤንዚን 43፣ አልኬን ደግሞ 50 ገደማ። እነዚህን የያዘ ተማሪ የትኛው ቤዝ የትኛውን ፕሮቶን እንደሚነቅል ሳይጨነቅ ይናገራል። ላብ ውስጥም ቤንዞይክ አሲድና ፌኖል ተደባልቀው ቢሰጡት በምን እንደሚለያቸው ያውቃል። ሶዲየም ባይካርቦኔት አሲዱን ብቻ ወደ ውሃ ይወስደዋል፣ ፌኖሉን ለማውጣት ግን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያስፈልጋል። ከሪአክሽን ዝርዝር ይልቅ እነዚህን ስምንት ቁጥሮች ግድግዳችሁ ላይ ለጥፉ።

ክፍል ውስጥ ብዙ ሰው የሚሰናከለው ስቴሪዮኬሚስትሪ ላይ ነው፣ የአቶሞች የቦታ አቀማመጥ ላይ። ሰቃይ የተባለ ልጅ ሳይቀር። እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ትምህርቱ ከወረቀት ወጥቶ ሦስት አቅጣጫ የሚሆነው እዚህ ነው። የኢ2 (ሃይድሮጅንና የሚለቀው ቡድን በአንድ ጊዜ ወጥተው ድርብ ቦንድ የሚፈጠርበት መንገድ) ሕግ እንደምታውቁት የሚለቀው ቡድንና የሚነቀለው ሃይድሮጅን ተቃራኒ ፊት ሆነው በአንድ ፕሌን ላይ እንዲሰለፉ ይጠይቃል። ሳይክሎሄክሴን ላይ ይሄ ማለት ሁለቱም አክሲያል መሆን አለባቸው፣ አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች። እስከዚህ ሁሉም ይጽፋል። አሁን ሁለት ሞለኪውሎች ተሰጧችሁ እንበል፣ ሜንታይል ክሎራይድና ኒዮሜንታይል ክሎራይድ። ልዩነታቸው የክሎሪኑ አቅጣጫ ብቻ ነው። ሁለቱንም ከሶዲየም ኢቶክሳይድ ጋር ስታሞቋቸው ኒዮሜንታይሉ ወደ 200 ጊዜ ገደማ ይፈጥናል። ፕሮዳክታቸውም አይመሳሰልም። ከኒዮሜንታይሉ በአብዛኛው 3-ሜንቲን ይገኛል፣ 78 ከመቶ ገደማ፣ ቀሪው 2-ሜንቲን ነው። ከሜንታይሉ ግን የሚገኘው 2-ሜንቲን ብቻ ነው።

ለምን? ቼሩን ሳሉ፣ ወንበር የሚመስለውን የቀለበቱን ቅርጽ። ኒዮሜንታይሉ በሚመቸው አቀማመጡ ሜታይሉና አይሶፕሮፓይሉ ኢኳቶሪያል (ወደ ጎን የወጡ) ናቸው፣ ክሎሪኑ ደግሞ አስቀድሞ አክሲያል ነው። በግራም በቀኝም አክሲያል ሃይድሮጅን አለው። ምርጫ ስላለው ይበልጥ የረጋውን አልኪን በብዛት ይሰጣል። ሜንታይሉ ጋ ግን ሦስቱም ቡድኖች ኢኳቶሪያል ሆነው ተመቻችተው ነው የተቀመጡት። ክሎሪኑን አክሲያል ለማድረግ ቼሩ መገልበጥ አለበት፣ ሲገለበጥ ሦስቱም አክሲያል ይሆናሉ፣ ይሄ ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ ይዘገያል። ተገልብጦም የሚያገኘው ተቃራኒ ሃይድሮጅን በአንድ ጎን ብቻ ነው። ፈተና ላይ «የዛይትሴቭ ሕግ ተጣሰ» ብሎ የሚጽፍ አለ፣ ይበልጥ የረጋው አልኪን ይበዛል የሚለው ሕግ ማለት ነው። አልተጣሰም፣ ሞለኪውሉ አማራጭ አጣ እንጂ።

ይሄንን በጭንቅላቴ ብቻ ማዞር ስለከበደኝ ሞዴል ሠራሁ። የሞለኪውል ሞዴል ኪት ውድ ነው፣ ሁሌም አይገኝም። ስቴኪኒና የካሮት ቁራጭ ግን የትም አለ። ወፈር ያለው ቁራጭ ካርቦን፣ ቀጠን ያለው ሃይድሮጅን፣ ክሎሪኑ የቀይ ሥር ቁራጭ። ዶርም ውስጥ ሳቁብኝ፣ በኋላ ግን ራሳቸው ሲከትፉ ነበር። ማዕዘኑ ትክክል ባይሆንም ምንም አይደለም፣ ዋናው ቼሩ ሲገለበጥ የቱ ወደ የት እንደሚሄድ በእጃችሁ ማየታችሁ ነው። ከዚያ በኋላ ወረቀት ላይ ያለው ቼር ጠፍጣፋ መሆኑ ያበቃል።

ፔሪሳይክሊክ ላይ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖች በቀለበት ዞረው በአንድ ጊዜ ቦንድ የሚቀያይሩባቸው ሪአክሽኖች ላይ ደግሞ እጃችሁን ተጠቀሙ። ኬሚስቶቹ ዉድዋርድና ሆፍማን የእነዚህን ሪአክሽኖች ሕጎች ማውጣት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ሆፍማን በ1981 ከጃፓናዊው ፉኩይ ጋር ኖቤል ሲሸለም ዉድዋርድ ከሁለት ዓመት በፊት አርፎ ነበር። ሠንጠረዡን ብቻ ይዘው የሚገቡ ልጆች «ሙቀት ነው ወይስ ብርሃን? አራት ነው ወይስ ስድስት ኤሌክትሮን?» ሲባሉ ይምታታባቸዋል። ኦርቢታሉን ሳሉ፣ የዳር ዳሮቹን ቀለም (ምልክታቸውን ለመለየት የምንቀባውን) ተመልከቱ፣ ሁለት መዳፋችሁን አንሡና ወደ አንድ አቅጣጫ ወይስ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ሲዞሩ ተመሳሳይ ቀለም እንደሚገናኝ እዩ። ፈተና ክፍል ውስጥ መዳፉን የሚያዞር ሰው ካያችሁ ጤነኛ ነው።

ይሄ ርዕስ ሩቅ የሚመስለው ካለ፣ እናቶቻችን ሕፃኑን የጠዋት ፀሐይ ሲያሞቁት ቆዳው ውስጥ የሚካሄደው ይኸው ነው። 7-ዲሃይድሮኮሌስትሮል የሚባለው ሞለኪውል አልትራቫዮሌቱን ሲያገኝ ከቀለበቶቹ አንዱ በስድስት ኤሌክትሮን ይከፈታል። በብርሃን ስለሆነ ጫፎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚዞሩት። ከዚያ በሰውነት ሙቀት ብቻ አንድ ሃይድሮጅን ከ1 ወደ 7 ይዘላል፣ ቫይታሚን ዲ3 ይሆናል። መምህራችን ይሄንን ያስተማሩን ቀን ክፍሉ ውስጥ ወላጅ የሆኑት ሁሉ ደብተራቸውን ትተው ቀና አሉ።

አሁን ወደ ላቡ ልግባ።

የምንጠቀምባቸው ማንዋሎች አብዛኞቹ የተጻፉት ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል አገር ለሚኖሩ ሰዎች ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ውሃ እኛ ጋ በ100 አይፈላም፣ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ኢታኖል በ78 ፈንታ በ72 ገደማ። ዳይኢቲል ኢተር መጽሐፉ ላይ 34.6 ነው የሚለው፣ እኛ ጋ 27 ወይም 28 ላይ ተነሥቶ ይሄዳል። ድሬዳዋ ወይም አርባ ምንጭ የምትማሩ ልዩነቱ ያንስላችኋል፣ ግን እናንተም ጋ አለ።

ይሄንን የነገረን ማንዋሉ አይደለም። ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ የላብ ቴክኒሻን ናቸው። አንዷ ጓደኛችን ዲስቲል ያደረገችው ነገር መጽሐፉ ካለው በታች ስለፈላ «ቆሻሻ ነው» ብላ ልትደፋው ስትል «ልጄ፣ ቴርሞሜትሩ ልክ ነው፣ ፎቁ ነው ከፍ ያለው» አሏት። ከዚያ ወዲህ ነገሩን በሦስት ቦታ እጠብቀዋለሁ። ዲስቲሌሽን ላይ የምጠብቀውን ቁጥር አስቀድሜ ዝቅ አድርጌ እጽፋለሁ። ሪፍላክስ (ትነቱ እየቀዘቀዘ ተመልሶ እንዲወርድ አድርጎ ማፍላት) ላይ ደግሞ ሶልቨንቱ የሚፈላው ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሆነ ሪአክሽኑም ይዘገያል። ማንዋሉ «አንድ ሰዓት» ካለ አንድ ሰዓት ላይ ማቆም የለባችሁም፣ በቲኤልሲ (ድብልቁ ውስጥ ያለውን በነጠብጣብ ለይቶ በሚያሳይ ስስ ሳህን) አይታችሁ ስታርቲንግ ማቴሪያሉ ሲያልቅ ነው የምታቆሙት። ሦስተኛው ኢተር ነው። ሞቅ ባለ ከሰዓት ጠርሙሱ ክፍት ከተተወ ዝም ብሎ ያልቃል። ትነቱ ደግሞ ከአየር ይከብዳል፣ ጠረጴዛው ላይ ተስቦ ሄዶ ራቅ ያለ እሳት ሊያገኝ ይችላል። ኢተር በተከፈተበት ክፍል ውስጥ በርነር አይለኮስም፣ ድርድር የለውም።

የማይለወጠው የመቅለጫ ሙቀት ነው። ከፍታ ለዚያ ግድ የለውም። ቤንዞይክ አሲድ እዚህም 122 ነው፣ አሴታኒላይድ እዚህም 114 ነው። ስለዚህ የጠጣር ነገር ንጽሕና ላይ ከተከራከራችሁ መቅለጫውን እመኑ። ዝቅ ብሎና ሰፋ ባለ ክልል ከቀለጠ ወይ ቆሻሻ አለው ወይ አልደረቀም።

ሌላው የእኛ ጉዳይ የቧንቧ ውሃ ነው። መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ኮንደንሰራችሁ (ትነቱን መልሶ ፈሳሽ የሚያደርገው ቱቦ) በቧንቧ ውሃ ብቻ ከቀዘቀዘ፣ ውሃው በሄደ ሰዓት ሶልቨንታችሁም አብሮ ይሄዳል። ባልዲ ውስጥ በረዶና ትንሽ የውሃ ፓምፕ አድርጎ ማሽከርከር ይሻላል፣ ውሃም ይቆጥባል። ቫኪዩም ፊልትሬሽንም በቧንቧ አስፒሬተር ከሆነ የውሃው ግፊት ድንገት ሲወርድ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ፍላስካችሁ ውስጥ ይገባል። በመሃል ባዶ ፍላስክ እንደ ወጥመድ አስገቡ። ስትጨርሱ ደግሞ መጀመሪያ ጎማውን ንቀሉ፣ ከዚያ ቧንቧውን ዝጉ። የሳምንት ሥራውን በዚህ ምክንያት ያጣ ሰው አውቃለሁ።

ግሪኛርድ የሚሠራበት ሳምንት ሲደርስ ሁሉም ይፈራል። ቪክቶር ግሪኛርድ እ.ኤ.አ. በ1912 ኖቤል ያገኘበት ነው። ማግኒዚየም ደረቅ ኢተር ውስጥ ከአልካይል ወይም ከአራይል ሃላይድ ጋር ይገናኛል፣ የሚፈጠረው ነገር ካርቦኒል (ካርቦንና ኦክስጅን በድርብ ቦንድ የተያያዙበት ቡድን) ላይ ይጨመራል። እኛ የሠራነው ትራይፌኒልሜታኖል ነበር፣ ከብሮሞቤንዚንና ከቤንዞፌኖን። ችግሩ ሁሌ አንድ ነው፣ አልነሣም ይላል። ማግኒዚየሙ ኦክሳይድ ለብሷል፣ ወይ እርጥበት አለ። ከላይ የጻፍኩትን የፒኬኤ ዝርዝር እዩት፣ ቤንዚን 43፣ ውሃ 16 አካባቢ። የፌኒል ግሪኛርድ ውሃ ካገኘ ፕሮቶኑን ነጥቆ ቤንዚን ሆኖ ይቀራል። ካርቦኒሉን የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም። ብርጭቆው ላይ የቀረች ጠብታ ውሃ ልፋታችሁን የምትበላው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ዕቃው ሌሊቱን ኦቨን ውስጥ ይደር፣ ትኩስ እንዳለ ይገጣጠም፣ አየር የሚገባበት ቦታ ላይ የካልሲየም ክሎራይድ ቱቦ ይኑር። በተለይ ክረምት ላይ። ማግኒዚየሙን በደረቅ የብርጭቆ ዘንግ ጫን ጫን አድርጉት፣ አዲስ ገጽ ይውጣለት። አንዲት የአዮዲን ቅንጣት ጨምሩ። ከዚያ ትንሽ ብሮሞቤንዚን ብቻ ጨምራችሁ ሳታማስሉ ጠብቁ። የአዮዲኑ ቀለም ይጠፋል፣ ደመና ይመጣል፣ ብረቱ ላይ አረፋ ይታያል።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ልጅ የሚታለልበት ነገር አለ። ማንዋሉ «ፍላስኩን በመዳፍህ አሙቀው» ይላል። እኛ ጋ ግን ኢተሩ በመዳፍ ሙቀት ብቻ ይፈላል። አረፋ ታያላችሁ፣ «ተነሣ!» ብላችሁ የቀረውን ብሮሞቤንዚን ትለቁበታላችሁ። አልተነሣም ነበር። ሃላይዱ ይከማቻል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ሲነሣ በኮንደንሰሩ አናት ይወጣል። ስለዚህ እጃችሁን አንሡና ጠብቁ። እጃችሁ ከሌለም መፍላቱን ከቀጠለ ያኔ ተነሥቷል። የበረዶ ሳህን አጠገባችሁ ይኑር፣ የቀረውን ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ጨምሩ።

መጨረሻ ላይ የምታገኙት ጠጣር ባይፌኒል የተቀላቀለበት ነው፣ የጎንዮሽ ውጤት ነው። በፔትሮሊየም ኢተር ስታጥቡት ባይፌኒሉ ይሟሟል፣ ትራይፌኒልሜታኖሉ ይቀራል። መቅለጫው 162 እስከ 164 ነው። ደስ የሚለው ደግሞ፣ ከሱ ቅንጣት ታህል ወስዳችሁ ኮንሰንትሬትድ ሰልፈሪክ አሲድ ጠብታ ውስጥ ስትከቱት ደማቅ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ይሆናል። ያ ቀለም ካርቦካታዮን ነው። ቦርድ ላይ በፕላስ ምልክት ብቻ የምታውቁት ነገር ቀለም ኖሮት ፊታችሁ ተቀመጠ። እኔ ኮርሱን የወደድኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

ኤክስትራክሽን ላይ ብዙ የምለው የለኝም፣ አንድ ሕግ ብቻ። ፕሮዳክታችሁን መዝናችሁ ቪያል ውስጥ እስክታስቀምጡ ድረስ የትኛውንም ሌየር አትድፉ። ዳይክሎሮሜቴን ከውሃ ስለሚከብድ ከታች ነው፣ ኢተር ከላይ ነው፣ ይሄንን ሁሉም ያውቃል፣ ግን ሲደክማችሁ ይምታታል። ካጠራጠራችሁ ጠብታ ውሃ ጣሉና የት እንደምትቀላቀል ተመልከቱ። ካፌይን ስታወጡ (እኛ የቡና አገር ልጆች ላቡን የሠራነው በሻይ ቅጠል ነው፣ ሻይ ቅጠል በክብደቱ ከአረቢካ ቡና የበለጠ ካፌይን ስላለው) ፈነሉን በኃይል ከናጣችሁት ኢመልሽን ይሠራል፣ ሁለቱ ሌየሮች ተቃቅፈው አንለያይም ይላሉ። ቀስ ብላችሁ ገልብጡት። ከሠራም ጨው የጠገበ ውሃ ጨምሩ። ጋዙን ስታስወጡ ደግሞ የፈነሉ ጫፍ ወደ ሰው አይሁን። ባይካርቦኔት ከተጨመረበት በተለይ።

ጓንት አድርጌአለሁና ምንም አልሆንም አትበሉ። ዳይክሎሮሜቴን ስስ ጓንትን በፍጥነት ያልፋል፣ ከፈሰሰባችሁ ወዲያው አውልቁትና እጃችሁን ታጠቡ። አሜሪካ ውስጥ ዳርትማዝ ኮሌጅ የምታስተምረው ኬሚስት ካረን ዌተርሃን እ.ኤ.አ. በ1996 ጥቂት የዳይሜታይልሜርኩሪ ጠብታ የላቴክስ ጓንቷ ላይ ወድቆባት ነበር። ጓንቱን አልፎ ገባ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ውስጥ ሞተች። እናንተ ያንን ኬሚካል አትነኩም፣ ግን ጓንት ሁሉ ለሁሉም ነገር እንደማይሆን እወቁ።

ተፈጥሮ ፕሮዳክት ፕሮጀክት ከደረሳችሁ ከእንዶድ ታሪክ ጀምሩ። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፣ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ማለት ነው። ከዚያ የወጣው ንጥረ ነገር ዛሬ በሱ ስም ሌማቶክሲን ይባላል። ሳፖኒን ነው፣ ትልቅ ትራይተርፒን ላይ ስኳሮች የተንጠለጠሉበት። ከዚህ የምትማሩት ተግባራዊ ነገር ደግሞ አለ። እነዚያ ስኳሮች ስላሉት ሄክሴን ውስጥ አታገኙትም፣ ሜታኖል ወይም ቢዩታኖል ነው የሚያወጣው። ተክል ፈጭቶ ዝም ብሎ ሄክሴን ውስጥ መዘፍዘፍ ከመጀመራችሁ በፊት የምትፈልጉት ሞለኪውል ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ።

ኤንኤምአር (የሞለኪውሉን ሃይድሮጅኖች በፒክ የሚያሳይ መሣሪያ) ሲመጣ አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። ተማሪው ያየውን ፒክ ሁሉ የፕሮዳክቱ ያደርገዋል። 2.04 ላይ ሲንግሌት (ባለ አንድ መስመር)፣ 4.12 ላይ ኳርቴት (ባለ አራት)፣ 1.26 ላይ ትሪፕሌት (ባለ ሦስት) ካያችሁ እሱ ኢቲል አሲቴት ነው፣ ከኮለማችሁ የተረፈ። 2.17 አሴቶን ነው፣ ቱቦውን ያጠባችሁበት። 7.26 ክሎሮፎርሙ ራሱ፣ 1.56 አካባቢ ያለው ውሃ ነው። እነዚህን መጀመሪያ ሰርዙ፣ ከዚያ የቀረውን አስቡ። ናሙና ልካችሁ ውጤቱ እስኪመጣ ለሳምንታት ከጠበቃችሁ በኋላ የሶልቨንት ስፔክትረም ማንበብ ያናድዳል። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት በደንብ አድርቁት።

ሪፖርት ላይ ስለ ይልድ፣ ይወጣል ከተባለው ስንት ከመቶ እንዳገኛችሁ፣ አትዋሹ። 38 ከመቶ ከሆነ 38 ብላችሁ ጻፉ፣ የት እንደጠፋ ደግሞ አስረዱ። የተወሰነው ሪክሪስታላይዜሽን ላይ ፈሳሹ ውስጥ ቀርቷል፣ የተወሰነው ፊልተር ወረቀቱ ላይ። 110 ከመቶ የጻፈ ግን ያልደረቀ ነገር መዝኗል፣ ይሄንን የሚያርመው ሰው በአንድ እይታ ያውቀዋል። እኔ ሪፖርት ሳርም የምፈልገው ቁጥሩን ሳይሆን ማብራሪያውን ነበር።

ወደ ድሮው ፈተና ልመለስ። ብዙ ሰው መልሱን አጠገቡ አድርጎ ያነበዋል፣ «ገባኝ» ብሎ ያልፋል። እንደዚያ አይጠቅምም። ጥያቄውን ሥሩት፣ ከዚያ አንድ ነገር ቀይሩበት። ሶልቨንቱ ከዲኤምኤስኦ (እንደ አሴቶን ፕሮቶን የማይሰጥ ሶልቨንት) ወደ ኢታኖል ቢለወጥስ? ክሎሪኑ በተቃራኒው ፊት ቢሆንስ? ሙቀቱ ቢቀንስስ? ከአንድ ጥያቄ አራት ይወጣል። ማታ ስፔስ ስትይዙ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ያዙ፣ አንዱ ቦርድ ላይ ሜካኒዝሙን (ኤሌክትሮኑ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ በቀስት) ይሳል፣ ሌላው እያንዳንዱ ቀስት ላይ «ለምን?» ይበለው። ቀስቱ የሚነሣው ኤሌክትሮን ካለበት ቦታ ነው፣ ከፕላስ ምልክት አይነሣም። ቦርድ ላይ በጓደኛ መታረሙ ፈተና ላይ በቀይ እስክሪብቶ ከመታረም ይቀላል።

ፈተናው ላይ ፕሮዳክቱን ባታውቁትም ወረቀቱን ባዶ አትተዉት። ሎን ፔሮቹን (ቦንድ ውስጥ ያልገቡትን የኤሌክትሮን ጥንዶች) ሳሉ፣ የትኛው ጋ ኤሌክትሮን እንደበዛ፣ የትኛው ጋ እንዳነሰ ምልክት አድርጉ፣ የምታምኑበትን የመጀመሪያውን ቀስት ጻፉ። እኛን ያስተማሩን መምህራን ለትክክለኛ ቀስት ነጥብ ይሰጣሉ፣ መጨረሻው ቢሳሳትም። ብዙ ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያው ቀስት ትክክል ከሆነ ሁለተኛው ራሱ ይመጣል። ካርቦካታዮን ከተፈጠረ ግን ከመቀጠላችሁ በፊት ጎረቤቱን ተመልከቱ። ሃይድሮጅን ወይም ሜታይል ዘሎ ይበልጥ የረጋ ሊያደርገው የሚችል ከሆነ ይዘላል፣ ፈታኞች ደግሞ ይሄንን ጥያቄ በጣም ይወዱታል።